አሥር ሰዓት ከአሥር

ፕላሲዳ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ናርሲሳ ስልኩን ፊቷ ላይ ደቀነችው። ግቢ እንኳ አላለቻትም። አንድ እግሯ ደጅ፣ አንድ እግሯ ቤት ውስጥ እንደሆነ ሴትዮዋ ዓይኗን አጨንቁራ ምስሉን ለመለየት ትታገላለች፤ መነጽሯ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ናርሲሳ ደግሞ በዚህች ሰዓት ቦርሳ ለመክፈት ፋታ የምትሰጥ ሰው አልነበረችም። «እይው! ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአሥር! የት ሄደሽ ነበር? ንገሪኝ እስቲ፣ የት?» ከስልኩ ውስጥ የታፈነ፣ የሰው ነው ለማለት የሚያስቸግር፣ እየተጎተተ የሚወጣ ድምፅ ይሰማል። ምሳ ላይ የነበረው ዌሊንግተን ድምፁን አወቀው። እናቱ ናት። ማንኪያውን ሩዙ ላይ ተክሎ ቀረ። በጉዋያኪል ከተማ የአልቦራዳ ሰፈር ቤቶች ግድግዳቸው ስስ ነው፤ ጎረቤታቸው ጠቡ እንዳያመልጣት ሬዲዮዋን ስትቀንስ ጭምር ተሰማ።

የዌሊንግተን እናት ዶኛ ታርሄሊያ ግማሽ ጎኗ ከሞተና ምላሷ ከተያዘ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ልጆቿ እሷን ተከፋፍለዋታል፦ ማድሪድ ያለችው ኤልሲ ትከፍላለች፣ ፋርማሲ ያላት ናርሲሳ ታዛለች፣ የመጨረሻው ልጅ ዌሊንግተን ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ይጠብቃታል፣ ከስድስት ሰዓት እስከ ምሽት ደግሞ ቅጥር አስታማሚዋ ፕላሲዳ። ኤልሲ ማድሪድ ውስጥ የሰው አባት ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፤ የራሷን እናት የምታየው ለገና መጥታ በነበረ ጊዜ ከአልጋው ፊት ለፊት ባስተከለችው ትንሽ ነጭ ካሜራ ነው። ካሜራው ድምፅ ሲሰማ ይቀርጻል፣ ከሁለት ቀን በኋላ የቀረጸውን ያጠፋል። ከማጥፋቱ በፊት ኤልሲ አንዱን አግኝታ ስልኳ ላይ አወረደችው። መጋረጃው የተዘጋ ክፍል፣ የበራ አምፖል፣ አልጋው ላይ እናቷ። አሮጊቷ በደህናው እጇ የውሃ ብርጭቆ ልትይዝ ትዘረጋለች፤ ብርጭቆው ይወድቃል። ትጣራለች፤ ማንም አይመጣም። ከዚያ በእጇ ጀርባ የአልጋውን ብረት መምታት ትጀምራለች። ቆዳዋ ተልጦ ብረቱ እስኪቀላ ትመታለች፤ ማንም አይመጣም። መጨረሻ ላይ ሲደክማት ተወችው፣ አንገቷ ዘመም አለ። ኤልሲ ሁለት ቀን አልቅሳ፣ ስልኳ ያሳያትን ቀንና ሰዓት ከሥሩ ጽፋ ለእህቷ ላከችው። አሥር ሰዓት ደግሞ የፕላሲዳ ሰዓት ነው።

«እትዬ ናርሲሳ፣ በልጆቼ እምላለሁ» አለች ፕላሲዳ። ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከጉዋስሞ ድረስ በሁለት አውቶቡስ ነው የምትመጣው፤ ላቡ ገና ከአንገቷ አልደረቀም። «ማክሰኞ እጃቸውን ያገኘሁት እንዲያው እንደተላጠ ነው፣ ገና ስድስት ሰዓት ስገባ። ብርጭቆውንም ከአልጋው ሥር ያነሳሁት እኔ ነኝ። ለዌሊም ነግሬዋለሁ።»

ናርሲሳ ወደ ወንድሟ ዞረች። ማክሰኞ ማታ የእናታቸውን እጅ አይታ ስትጠይቀው «እኔ ሳስረክብ ደህና ነበረች» ብሏት ነበር። ፕላሲዳ የነገረችውን ሄዶ ሳያይ ነው ያለው፤ ሰው እንዲያው ከነገር ለመገላገል እንደሚለው። ግን ብሎታል፣ አሁን ደግሞ ያንን መልሶ መዋጥ ከበደው። ትከሻውን ሰበቀ። «በቃ፣ ወንድሜ ዋሸ፣ ስልኩም ዋሸ፣ አንቺ ብቻ ነሽ ቅድስት!» ብላ አምባረቀች ናርሲሳ። ፕላሲዳ ድንገት ፊቷ በራ። «እንግዲያው ዌሊ ይየው» አለች። «እሱ የቪዲዮ ሰው ነው፣ ሆድ ዕቃውን ያውቀዋል። አይቶ አንቺ ነሽ ካለኝ፣ እኔ ነኝ። አፌን ዘግቼ እወጣለሁ።» በሬ ካራጁ ይውላል ይባል የለ! ማንም ዳኛ ሁን ያላለውን ልጅ ወንበሩን ጎትታ ያስቀመጠችው እሷው ራሷ ናት።

የዌሊንግተን ክፍል ጓሮ ነው፣ ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ጎን፤ የቆርቆሮው ጣሪያ በዚህ ሰዓት ሰው ይቀቅላል። ሠርግ ይቀርጻል፣ አሥራ አምስት ዓመት የሞላቸውን ልጃገረዶች ድግስ ይቀርጻል፤ ሰፈሩ «ዳይሬክተር» ይለዋል፣ ግማሹ አክብሮ፣ ግማሹ እያፌዘ። ኮምፒዩተሩን የላከችለት ኤልሲ ናት። ቤቱም በኤልሲ ስም ነው፤ ይህን ማንም አንስቶ አያወራውም፣ ግን ማንም አይረሳውም። ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ለኤልሲ ጻፈላት፦ ዝም ብለሽ እንደ ቪዲዮ አትላኪው፣ ዋናውን ፋይል እንዳለ ላኪልኝ። በመልእክት የሚሄድ ቪዲዮ ተጨምቆ ስለሚላክ የተቀረጸበትን ቀን መንገድ ላይ ይጥለዋል። ይህን ሥራው በውርደት አስተምሮታል። አንድ ጊዜ ከስፔን የመጣ የሙሽሪት አጎት በራሱ ካሜራ የቀረጸውን ተቀብሎ፣ ከሌሎቹ ጋር በሰዓት ቅደም ተከተል ደርድሮ ቢያስረክብ፣ ሙሽሪት መጀመሪያ ሞቅ ብሏት ስትጨፍር አመሸችና ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ታየች። የሰውዬው ካሜራ የአገሩን ሰዓት ይዞ ነበር የመጣው። የሙሽራው እናት እስከ ዛሬ ዌሊንግተንን መንገድ ላይ ስታገኘው ሰላም አትለውም።

ፋይሉ ደረሰ። መረጃውን ገልጦ አየው፤ የተቀረጸው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ይላል። መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ከዚያ ብቻውን ሳቀ። ነገሩ ያው የአጎትየው ነገር ነው። ፋይሉ ሆድ ውስጥ የሚጻፈው ሰዓት የማንም አገር ሰዓት አይደለም፤ ዓለም ሁሉ የሚለካበት አንድ የጋራ ሰዓት ነው፣ እሱን የሚከፍተው መሣሪያ ራሱ ወዳለበት አገር መልሶ ያነበዋል። የኤልሲ ስልክ ያለው ማድሪድ ነው፤ በማድሪድ አነበበው። የእሱ ኮምፒዩተር ያለው ጉዋያኪል ነው፤ በጉዋያኪል አነበበው። በመካከላቸው ሰባት ሰዓት አለ። እናቱ የተጣራችው ጉዋያኪል ላይ ገና ሦስት ሰዓት ሲሆን ነው፣ ማድሪድ ግን አሥር ሰዓት ሆኗል። ኤልሲ ሞኝ ናት፣ ናርሲሳ የባሰች ሞኝ ናት፣ ፕላሲዳ ደግሞ ንጹሕ ናት! ደስ አለው፣ እውነት ነው የምላችሁ፣ ልቡ በደስታ ዘለለ፤ ያቺን ምስኪን ሴት ሊያድናት ነው። ከወንበሩ ተነስቶ የበሩን እጀታ ያዘ። «ሦስት ሰዓት ነው!» ብሎ ሊጮህ አፉን ከፈተ። እዚያው ላይ ነው ክው ያለው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የማን ሰዓት ነው?

ተመልሶ ተቀመጠ። እንዴ፣ እኔ እኮ ቤት ነበርኩ፣ አለ በሆዱ። የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቆ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው። የማራገቢያው ጉምጉምታ መጣ፣ የእናቱ ድምፅ መጣ፣ ብረቱ ላይ የሚያርፈው እጅ መጣ። ከዚያ ሁሉ ጀርባ፣ ከመስኮቱ ውጭ፣ የሚያውቀው ጩኸት መጣ፦ «ኤንሴቦያዶ! ትኩስ ኤንሴቦያዶ!» ጉዋያኪል ውስጥ ይህን ሽንኩርት የተከመረበትን የዓሣ ሾርባ ከሰዓት በኋላ የሚሸጥ ሰው የለም፣ የሚበላም የለም። የጠዋት ምግብ ነው፣ ሲጠጣ ያደረ ሰው መድኃኒት ነው፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ድስቱ ታጥቦ ተደፍቷል። ባለጋሪው የሚቆመው ደግሞ የእናቱ መስኮት ካለበት ጥግ ላይ ነው። ዌሊንግተን ትንፋሹን ያዘ። ባለጋሪው ሳቅ እያለ «ዳይሬክተር! ሎሚ ልጭመቅልህ ወይስ ሌሊቱን አንተው ተጨምቀህ ነው የመጣኸው?» ሲል በጆሮው ሰማው። ሰዎች ሳቁ። አንዱ ሳቅ ከሁሉም ረዘመ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ሳል ቆረጥ ቆረጥ ይላል። ያንን ሳቅ በየሠርጉ ቪዲዮ ውስጥ ከካሜራው ጀርባ ሲሰማው ኖሯል፤ የራሱ ሳቅ ነው። ከሳቁ ሥር የእናቱ እጅ ብረቱን ይመታል።

እሱ እኮ መውጣት ብሎ አስቦት አያውቅም። ጥግ ላይ መቆም መውጣት ነው? በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ለእናቱ ማራገቢያውን ከፍቶላት፣ ሾርባ ለመጠጣት ነው የሚሄደው። ከዚያ አንዱ ኳስ ያነሳል፣ አንዱ የምርጫ ወሬ ያነሳል፣ ሁለተኛ ሳህን ይመጣል፣ ሙዝ ጥብስ ይከተላል። ሲመለስ እናቱ አንቀላፍታ ያገኛታል፤ እሷ ደከማት፣ እሱ ደግሞ አረፈች ይላል። ማክሰኞም እንዲሁ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ስንት ማክሰኞ እንዳለ ማሰብ ጀመረና ተወው። ልናገር፣ አለ። ኧረ ልናገር! ወዲያው ግን የናርሲሳ ፊት መጣበት፣ ያ የኮመጠጠ ፊት፣ ከዚያ ሰፈሩ፣ ከዚያ ባለጋሪው። ስልኩ ጮኸ። ኤልሲ ናት።

«አየኸው ዌሊ?» ድምፅዋ ለቅሶ ጨርሶታል። ከጀርባዋ አንድ ሽማግሌ በስፔኖች አነጋገር ይነጫነጫል፤ ኤልሲ በተለመደ የዋህ ቃል «መጣሁ ዶን አኒሴቶ» አለችውና ወደ ስልኩ ተመለሰች። «እኔ እዚህ የባዳ አባት ሽንት እየጠረግኩ፣ እናቴ እዚያ አንድ ጉንጭ ውሃ አጥታ እጇን ትቀጠቅጣለች። ዌሊ፣ አንተ ታውቃለህ፣ ክፉ አይደለሁም። ግን ያንን ያደረገ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከእኔ ቤት ጉርሻ አይጎርስም። ከእኔ ጣሪያ ሥር አያድርም። ማን እንደሆነ አረጋግጥልኝ ብቻ። ሰዓቱ ልክ ነው?»

ዌሊንግተን የቆርቆሮውን ጣሪያ አየ። ከሥሩ ኮምፒዩተሩ፣ ካሜራዎቹ፣ አልጋው፣ በምስማር የተሰቀለው የሠርግ ቀን ኮቱ። «ልክ ነው» አለ። ይኸው ነው። ሰው ነፍሱን ሲሸጥ ብዙ የሚያወራ ይመስላችኋል፤ አያወራም። ከዚያ ደግሞ፣ ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ድምፁን አለሳልሶ «አጥፊው ኤልሲ፣ ለነፍስሽ ስትይ አጥፊው። እያየሽው ልትሞቺ ነው፣ እዚህ እኔ አስቀምጬዋለሁ» አላት። ኤልሲ እየተንሰቀሰቀች እሺ አለችው። አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር አለችው።

በሩ ተንኳኳ። ፕላሲዳ ናት፤ ምሳውን ሳይጨርስ እንደተነሳ አይታ ሩዙንና ምስሩን አሙቃ አመጣችለት። እስከ አሁን ማንም ቁጭ በይ አላላትም፤ ቦርሳዋ አሁንም ትከሻዋ ላይ ነው። ሳህኑን ከማዳመጫው አጠገብ አስቀመጠችና በሁለት እጇ ጉርድ ቀሚሷን ይዛ ቆመች። «አየኸው ልጄ?»

«አየሁት።»

«እና?»

«ሰዓቱ ልክ ነው ፕላሲ።»

ሴትዮዋ አልጮኸችም። ብትጮህበት በተሻለው ነበር። ግንባሯን ቋጥራ ወደ ወለሉ አየች፣ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው። «እኔ እኮ ማክሰኞ አጥሚቱን ሰጥቻቸው፣ አንሶላ ቀይሬ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ተከታታዩን ፊልም እያየን ነበር። እንዲያው እርግጠኛ ነበርኩ። ዌሊ፣ የደም ግፊት ኪኒኑን ቀይረውብኛል፤ ያደክመኛል፣ አንዳንዴ ዓይኔ ይከደናል። እሱ ይሆን?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይችል ነበር። ዝምታው ራሱ በቂ ኃጢአት ነበር። «እንቅልፍ የወሰደው ሰው መተኛቱን አያውቅም እኮ» አላት፣ ሳህኑን ወደ ራሱ እየሳበ። «ወንበሩ ላይ ሳይሆን ሳሎን ሄደሽ ሶፋው ላይ ጋደም ብለሽ ይሆናል። እጇንና ብርጭቆውንም ያየሽው ስትነቂ ይሆናል። አስቢው እስቲ።» ፕላሲዳ አሰበች። ዓይኑ እያየ አሰበች። ያልነበረውን ሶፋ፣ ያልተኛችውን እንቅልፍ ከሐሳቧ ውስጥ ቆፍራ ስታወጣ ፊቷ ላይ አየው። «አቤት አምላኬ» አለች። «አቤት! እየጠሩኝ እኮ ነበር ማለት ነው።» ሄደች። ዌሊንግተን ሩዙን በላው። ርቦት ነበር።

ናርሲሳ ቪዲዮውን ለሰፈሩ ሴቶች የስልክ ቡድን ልትልከው ነው፤ አልቦራዳ ውስጥ ሁለተኛ ማንም ቤት እንዳታስገባት። ሰዓቱን በትልቁ፣ በቀይ፣ ምስሉ ላይ እንዲጽፍላት አዘዘችው። ጻፈው፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአሥር። ድምፁን አጠፋው፤ ጭልጥ ያለ ዝምታ እንዳያስጠረጥር ከሌላ ቀን የማራገቢያ ጉምጉምታ ቀንጭቦ ከሥር አነጠፈበት። ቆንጆ ሥራ ነበር፣ መጋጠሚያው አይታይም። ዋናውን ፋይል አጠፋ፣ የጠፋው የሚጠራቀምበትንም ባዶ አደረገ። ናርሲሳ ጨርሶ ሲያሳያት «እናታችን እንኳን አንተን ወለደች» ብላ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። ድምፁ የት ሄደ ብላ አልጠየቀችም፤ እንዲያውም ያ ማቃሰት ባይሰማ ይሻላል፣ ያሳፍራል አለች።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ሦስቱም እናትየው ክፍል ተሰበሰቡ። ክፍሉ ካምፎርና ያደረ አንሶላ ይሸታል፤ ከግድግዳው ላይ ነጩ ካሜራ ቁልቁል ያያል። ናርሲሳ ፕላሲዳን መነጽሯን አስደርጋ ቪዲዮውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳየቻት። ፕላሲዳ ለራሷ አላለቀሰችም። ያለቀሰችው ለአሮጊቷ እጅ ነው። ጨርሳ አይታ አልጋው ሥር በጉልበቷ ወደቀች። «ዶኛ ታርሄሊያ፣ እመቤቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። እንቅልፍ ጥሎኝ ነው። ሲጠሩኝ አልሰማሁዎትም። በልጆቼ ምዬ ነበር፣ ልጆቼ ላይ አይድረስ፣ ይቅር ይበሉኝ!»

አሮጊቷ ከትራሱ ተነቀለች። ከሞተው ጎኗ ጋር እየታገለች ደህናውን እጇን ሰደደችና የፕላሲዳን ሸሚዝ ደረቱ ላይ ጨምድዳ ያዘች። ራሷን ግራ ቀኝ ትወዘውዛለች፣ ከጉሮሮዋ ያ እየተጎተተ የሚመጣ ድምፅ ይወጣል፣ ዓይኗ ግን ፕላሲዳ ላይ አልነበረም። ልጇ ላይ ነበር። ዌሊንግተን ካሜራውን አየ፣ ከዚያ ጫማውን አየ።

«እያት! እያት!» አለች ናርሲሳ፣ ስልኳን አውጥታ እየቀረጸች። «ልታንቃት ነው! ምላስ ባይኖራት እንኳ ማን እንደበደላት ታውቃለች። አይ የእናቴ አምላክ! ዌሊ፣ ምን ትገተራለህ፣ አላቅቃቸው እንጂ!»

ሄዶ ጎንበስ አለ። የእናቱ ትንፋሽ ፊቱ ላይ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ጉልበት ከዚያ እጅ ይወጣል ብሎ አስቦ አያውቅም። አውራ ጣቷን ፈለቀቀው፣ ስትመልሰው ደግሞ ፈለቀቀው፤ ከዚያ ሌሎቹን አንድ በአንድ። የደረቀው ቁስል ተሰነጠቀና የፕላሲዳ ሸሚዝ ላይ የደም ነጠብጣብ ቀረ። «ቀስ በል ልጄ፣ ያማቸዋል» አለች ፕላሲዳ።

በሩ ድረስ የሸኛት እሱ ነው፤ ናርሲሳ ቪዲዮውን ልካ የሴቶቹን መልስ እያነበበች ነበር። ፕላሲዳ ደረጃው ላይ ዞር አለች። «እግዜር ይስጥህ ዌሊ» አለችው። «ሌላው ሰው ይሉኝታ ይዞት ይደብቀኝ ነበር። አንተ እውነቱን ነገርከኝ። ባትነግረኝ ጻድቅ ነኝ ብዬ እሞት ነበር።» ጉንጩን በመዳፏ ነካችውና ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

ሲመለስ ናርሲሳ የእናታቸውን ትራስ እያስተካከለች ነበር። «ከእንግዲህ ባዳ የሚባል እዚህ አልጋ አጠገብ አይደርስም» አለችው። «ከኤልሲ ጋር ተነጋግረናል፤ ለፕላሲዳ የምትልከውን ላንተ ትልካለች። ጠዋትም ከሰዓትም አንተ ነህ። የሥጋ ልጅ እያለ!» ከዚያ ወደ እናቷ ጎንበስ ብላ፣ ለደንቆሮ እንደሚጮህ ሰው፣ ጆሮዋ ላይ ጮኸችባት። «ሰማሽ እማዬ? ከነገ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ዌሊ ነው የሚጠብቅሽ! ዌሊ ብቻ!»

ዶኛ ታርሄሊያ ሰምታለች፤ ጆሮዋ አንድም ቀን ታሞ አያውቅም። እጇን አንሶላው ሥር ከተተችና ዓይኗን ጨፈነች።